ሁለት ቁልፍ አብሮ ሲጫን፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ራስፕቤሪ ፓይ በተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ በፓይተን ቋንቋ ፕሮግራም ለሚጽፍ ጀማሪ «ጂፒአይኦ ዜሮ» የተባለው ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚገኝ የኮድ ስብስብ) ትልቅ እፎይታ ነው። አንድ ቁልፍ ለማሠራት ጥቂት መስመር ይበቃል። ጣጣው የሚመጣው ሁለተኛው ሲጨመር ነው። አንዱ ቁልፍ መብራት ያበራል፣ ሌላው ያጠፋል፣ ሁለቱ አብረው 3 ሰከንድ ከተያዙ ደግሞ ማሽኑ ይዘጋል እንበል።

የመጀመሪያውና ዋናው ስህተት ሁለት ጣት እኩል ያርፋል ብሎ ማመን ነው። አያርፍም። አንዱ ሁልጊዜ በጥቂት ሚሊሰከንዶች ይቀድማል። ለእኛ ኢምንት ነው፤ ለፕሮሰሰሩ ግን ብዙ ሥራ የሚጨርስበት ጊዜ ነው። መብራት የማብራቱን ሥራ «ዌን ፕረስድ» (ቁልፉ ልክ ሲጫን የሚሠራው) ላይ ካሰሩት፣ ሁለተኛው ጣት ሳይደርስ መብራቱ በርቷል። ስለዚህ ውሳኔውን ያዘግዩት። የነጠላ ቁልፍ ሥራ ሲጫን ሳይሆን ሲለቀቅ፣ «ዌን ሪሊዝድ» ላይ ይሁን። ሁለቱ አብረው ተጭነው እንደነበር የሚያስታውስ አንድ ተለዋዋጭ ያስቀምጡ፤ ተጭነው ከነበረ የነጠላው ሥራ ይቅር። ይህን ተለዋዋጭ ወደ ነበረበት የሚመልሱት ሁለቱም ቁልፎች ከተለቀቁ በኋላ ብቻ ነው። እኔን ሁለት ምሽት የበላኝ ይሄ ነው። የመጀመሪያው ጣት ሲነሳ ቸኩለው ከመለሱት፣ የሁለተኛው መለቀቅ እንደ ነጠላ ይቆጠርና መብራቱ ይጠፋል።

ሁለተኛው ስህተት «ዌይት ፎር ፕረስ»ን ደርድሮ መጻፍ ነው። ፕሮግራሙ አንዱን ቁልፍ እየጠበቀ እዚያው ይቆማል፤ ሌላውን ዞር ብሎ አያይም። ቁልፍ ሲጫን በሚጠራ ፈንክሽን ውስጥ ረጅም «ስሊፕ» (ፕሮግራሙን ለጊዜው የሚያስቆም ትእዛዝ) ማስገባትም ያው ነው። የሌላው ቁልፍ ምላሽ ይዘገያል።

የ3 ሰከንዱ ነገር ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙዎች «ዌን ሄልድ»ን (ቁልፉ ተይዞ ሲቆይ የሚሠራውን) አንዱ ቁልፍ ላይ ብቻ አድርገው፣ ሰዓቱ ሲደርስ ሌላኛው ተጭኗል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ሌላኛው ግን ገና አሁን የተነካ ሊሆን ይችላል፤ ማሽኑ ሳይታሰብ ይዘጋል። «ሆልድ ታይም»ን፣ ማለትም ቁልፉ ተይዞ መቆየት ያለበትን ጊዜ፣ ለሁለቱም 3 ያድርጉ (ካልነኩት 1 ሰከንድ ነው)። ከዚያ አንድ ዓይነት ፈንክሽን ለሁለቱም ይስጡና በውስጡ የሁለቱም «ኢዝ ሄልድ» (ቁልፉ ያን ያህል ጊዜ ተይዟል ወይ የሚለው) እውነት መሆኑን ያረጋግጡ። ቀድሞ የደረሰው ምንም አያደርግም፤ ዘግይቶ የደረሰው ማሽኑን ይዘጋል። በጣም ደስ የሚል መፍትሔ ነው።

ብዙ ቁልፎችን አንድ ላይ የሚይዘውን «በተን ቦርድ»ን የሚጠቀሙ ከሆነ፣ «ኢዝ ፕረስድ» የሚለው ከቁልፎቹ ቢያንስ አንዱ ሲጫን እውነት ይሆናል። ሁሉም ተጭነዋል ማለት አይደለም። የእያንዳንዱን ሁኔታ «ቫልዩ» ላይ ያንብቡ።

«ባውንስ ታይም» (ቁልፉ ሲነካ የሚፈጠረው የምልክት መንቀጥቀጥ ችላ የሚባልበት ጊዜ) ላይ ደግሞ የጊዜውን መለኪያ ይዩ። «አርፒአይ ጂፒአይኦ» በሚባለው ላይብረሪ የሚሰጠው በሚሊሰከንድ ነው፤ በጂፒአይኦ ዜሮ ግን በሰከንድ ነው። ከድሮ ኮድ 50 የሚለውን እንዳለ ከገለበጡ 50 ሰከንድ አዘዙ ማለት ነው። 0.05 ይጻፉ።

በረድፍና በአምድ የተሠራ የቁጥር ሰሌዳ ላይ ሦስት ቁልፍ አብሮ ሲጫን ያልተነካ አራተኛ ቁልፍ ሊታይ ይችላል። ሦስቱ የአንድ አራት ማዕዘን ጫፎች ከሆኑ፣ ኤሌክትሪኩ በእነሱ በኩል ዞሮ አራተኛው ጫፍ ጋ ይደርሳል። ያኔ ኮዱን ማገላበጡን ይተዉት። እያንዳንዱ ቁልፍ ላይ አንድ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) ያስገቡ።