ኤምአርአይ ክፍል ከመግባትዎ በፊት፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ኤምአርአይ፣ ማለትም የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳይ ምርመራ፣ ሲታዘዝ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ጨረሩ አይጎዳኝም ወይ?» ብሎ ነው። እንደ ራጅና ሲቲ ስካን ያለ ጨረር የለውም። የሚሠራው በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው። መፈራት ያለበት ማግኔቱ ሆኖ ሳለ እሱን የሚፈራው ሰው ግን ጥቂት ነው።

«ማሽኑ እኮ ገና አልተነሳም»

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይሄ ይመስለኛል። የማግኔት ጉልበት በቴስላ ይለካል፤ ብዙዎቹ ማሽኖች 1.5 ወይም 3 ቴስላ ናቸው። 1.5 ቴስላ ማለት ከመሬት የማግኔት ኃይል ከ20,000 እጥፍ በላይ ነው። ይህ ማግኔት እንደ አምፖል አይበራም፣ አይጠፋም። በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዞ ሌሊትም እሑድም ሲስብ ይኖራል። ክፍሉ ጭር ስላለ ማሽኑ ተኝቷል ማለት አይደለም።

በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ሰው ምርመራ ላይ የነበረች ሚስቱን ደግፎ ሊያነሳ ወደ ክፍሉ ገባ። አንገቱ ላይ 9 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሰንሰለት ነበር። ማግኔቱ ከነሰንሰለቱ ሳበው፤ በማግስቱ ሞተ። ልብ ይበሉ፣ ታካሚው እሱ አልነበረም። ስለዚህ አስታማሚም ቢሆን ሳይጠየቅና ሳይፈተሽ እግሩን አያስገባ።

«ይቺ ምን ታደርጋለች»

የፀጉር ሽቦ፣ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ሰዓት፣ የጆሮ ማዳመጫ መሣሪያ ሁሉም ውጭ ይቀራሉ። ስልክና የባንክ ካርድም እንደዚያው፤ ካርዱ ላይ ያለው ጥቁር መስመር ሊበላሽ ይችላል። ይሄን አብዛኛው ሰው ያውቃል። የማይታወቀው ሌላው ነው። አንዳንድ የስፖርት ልብስ በጨርቁ ውስጥ የብር ክር አለው። ቆዳ ላይ የሚለጠፉ አንዳንድ መድኃኒቶችም ከጀርባቸው ስስ ብረት አላቸው። ሁለቱም ግለው ቆዳ ያቃጥላሉ። የሚለጠፍ መድኃኒት የሚጠቀሙ ከሆነ ግን በራስዎ ከመላጥዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።

«ድሮ የተሠራልኝ ነው፣ ረስቼዋለሁ»

ከምርመራው በፊት የሚሞላ ቅጽ አለ። ሰው ጉልበቱ ላይ ያስቀምጠውና ሳያነብ ከላይ እስከ ታች «የለም፣ የለም፣ የለም» እያለ ይወርዳል። ጥያቄዎቹ ግን ለወግ የተጻፉ አይደሉም። የልብ ምት ማስተካከያ፣ አንጎል ውስጥ ያለ የደም ሥር መቆንጠጫ፣ ጆሮ ውስጥ የተተከለ መሣሪያ፣ የኢንሱሊን ፓምፕ፣ ማኅፀን ውስጥ የሚቀመጥ ሉፕ፣ አጥንት የያዘ ብሎን፤ ሁሉም ይነገር። ብዙዎቹ ምርመራውን አይከለክሉም። አንዳንዶቹ ግን ባለሙያው ዓይነታቸውንና ሞዴላቸውን ካላወቀ አይሆንም። ሲተከልልዎ የተሰጠዎት ካርድ ካለ ከቤት ይዘው ይውጡ።

ብየዳ ወይም ብረት መሞረድ ሠርተው ያውቃሉ? ዓይንዎ ውስጥ ፍንጣሪ ገብቶ ነበር? ከዓመታት በፊት የገባች፣ የማታምም ቅንጣት እዚያው ቀርታ ልትሆን ትችላለች። ማግኔቱ ካንቀሳቀሳት ዓይን ታጠፋለች። ለዚህ ነው አንዳንዱ ሰው ቀድሞ የዓይን ራጅ ተነሳ የሚባለው።

«መርፌም አለው እንዴ?»

አንዳንዴ አለው። ምስሉን የሚያጎላው ጋዶሊኒየም የሚባል ንጥረ ነገር በደም ሥር ይሰጣል። ኩላሊትዎን የሚያምዎ ከሆነ፣ ከዚህ ቀደም መርፌው ሰውነትዎን ካስቆጣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ይናገሩ። ከተወጉ በኋላ ማውራቱ የዘገየ ነው።

«ትንሽ ብነቃነቅ ምን አለበት»

ምርመራው እንደየዓይነቱ ከ15 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። የሚነሳው ግን በአንድ ትንፋሽ አይደለም፤ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ በሚወስዱ ዙሮች ነው። በአንዱ ዙር መካከል ከተነቃነቁ ያ ዙር ይደበዝዝና እንደገና ይነሳል። ስለዚህ ሽንት ቤት ቀድመው ይሂዱ። ማሳከክና ማሳል ካለ በሁለት ዙር መካከል፣ ያውም ባለሙያውን ጠይቀው። እጅዎን አያጣምሩ፣ እግርዎንም አያነባብሩ። ቆዳ ከቆዳ ሲነካካ በዚያ በኩል ኤሌክትሪክ ዞሮ ሊያቃጥል ይችላል።

ጩኸቱ እንደ መዶሻ ነው፤ ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል። የጆሮ መድፈኛውን «ይቅርብኝ» አይበሉ።

ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቅዎ ከሆነ ደግሞ ዝም አይበሉ፤ በቀጠሮው ቀን ሳይሆን ቀደም ብለው ይናገሩ። የሚያረጋጋ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል፤ ያኔ መኪና መንዳት ስለማይችሉ ሰው ይዘው ይሂዱ። እኔን የጠቀመኝ ቀላል ነገር ነው፦ አልጋው ሳይገባ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እስኪያወጡኝም አልገለጥኩም።

ከመግባትዎ በፊት ባለሙያውን ለመጥራት የምትጨመቅ ኳስ እጅዎ ላይ ያስይዙዎታል። ሰው ያፍራል፣ «ሥራቸውን አላስተጓጉል» ይላል፣ ቆዳው እየጋለ ጥርሱን ነክሶ ይተኛል። አንድ ቦታ ካቃጠለዎት ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ኳሷን ይጭመቁ። የተሰጠችዎት ለዚሁ ነው።