የቲቪ ዴቨሎፕመንት ውስጥ (የሾው ሃሳብ አዘጋጅቶ ለቻናል መሸጥ ማለት ነው) መስራት ለምትፈልጉ፣ በናታችሁ እነዚህን ተዉልኝ

ሰሞኑን ደሞ አንድ ልጅ መጣ። የሪያሊቲ ሾው ሃሳብ አለኝ አለ፣ እሺ ምንድነው ስለው "ስለ እሳት አደጋ ሰራተኞች"። ከዛስ? "በቃ ሕይወታቸውን፣ ፈተናቸውን ማሳየት ነዋ።"

ኧረ ይሄ ርዕስ ነው እንጂ ሾው አይደለም!! ስንቴ እንደተናገርኩት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ርዕስ እኮ ዜና የሚያይ ሰው ሁሉ በቀን አስሩን ያገኛል። ሾው ስትሉኝ ግን ሰውየው ማነው፣ ምን ፈልጎ ነው፣ ምን አገደው፣ ክፍል 1ን ያየ ሰው ክፍል 2ን ምን ብሎ ይከፍታል፣ ክፍል 8 ላይ ስደርስስ የምጠብቀው ነገር አለ ወይ፣ ይሄን መመለስ አለባችሁ። በፈረንጆቹ 2013 ዴንማርክ የተጀመረውን ‹ማሪድ አት ፈርስት ሳይት› እዩት። ሰዎቹ "ስለ ትዳር ፕሮግራም አለን" ብለው ቢገቡ ማን ይሰማቸው ነበር? ሃሳቡ ግን ባለሙያዎች ያጣመሯቸው የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተያዩት ሰርጋቸው ላይ ነው፣ ከሳምንታት በኋላ አብረው ይቀጥሉ ወይ ይፋቱ ይወስናሉ። አለቀ። ሰዉም፣ ጣጣውም፣ ቀነ ገደቡም፣ መጨረሻውም እዛችው ውስጥ አለ፣ ሌሎች ጥንዶች ስታመጡ ሲዝን 2 ይሆናል፣ ሌላ አገር ሲወስዱት ደሞ እንደ አዲስ ይሰራል፣ ፎርማት የሚባለው ይሄ ነው። ለማንኛውም ልጁን ከሰራተኞቹ ማንን አናገርክ አልኩት። ማንንም። ሂድና ሦስት ሰው አናግረህ ተመለስ ብዬዋለሁ፣ ቢመለስ ደስ ይለኛል፣ ወሬ ማውራት ይችልበታል፣ እሱ ደሞ ለዚህ ስራ ግማሽ መንገድ ነው።

ቀጣዩ ስህተት የራሴ ስለሆነ ብዙ አልቆጣም። ስጀምር አካባቢ አሮጌ መኪና የሚያድሱ ቤተሰብ አገኘሁ፣ አባትየውና ሴት ልጁ ካሜራ ፊት ሲጨቃጨቁ ጉድ ነው፣ ሳቅ በሳቅ። ሦስት ቀን ቀርፀን የሁለት ደቂቃ ሲዝል (ሾውን ለመሸጥ የሚሰራ አጭር ማሳያ ቪዲዮ) ሰራን፣ ቻናሉ ወደደው፣ ኮሚሽነሯ (ለቻናሉ ሾው የምትመርጠዋ) "ፈርመውላችኋል አይደል?" ስትል እኔ ምን ብል ጥሩ ነው፣ "አዎ ተስማምተናል"። ተስማምተናል፣ በቃል! ውል እንፃፍ ሲባል ሰዎቹ ከሌላ ፕሮዳክሽን ጋር ፈርመው ቁጭ ብለዋል። ላም አለኝ በሰማይ። ቻናሉ ቤተሰቡን ይዞ ቀጠለ፣ እኔ ሲዝሌን ታቅፌ ቀረሁ፣ ለካሜራማኑ ደሞ ከኪሴ ነው የከፈልኩት። ስለዚህ ካሜራ ከመክፈታችሁ በፊት፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ ስድስት ወርም ዓመትም ይሁን፣ እነሱን ይዛችሁ ቻናል የምታናግሩት እናንተ ብቻ እንደሆናችሁ የሚል አንድ ገፅ አስፈርሙ። ጠበቃ ይየው።

ሃሳቤን ይሰርቁኛል ብላችሁ የምትደብቁ አላችሁ፣ "ቅድሚያ ሚስጥር ጠባቂነት ፈርም" የሚሉኝም አሉ። ስሙኝማ፣ ሂዩይ ግሪን የሚባል የእንግሊዝ አቅራቢ የታለንት ሾው ፎርማቴን ወሰዱብኝ ብሎ የኒውዚላንድን ብሮድካስተር ከሶ እስከ ፕራይቪ ካውንስል (ያኔ የኒውዚላንድ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ) ድረስ ደርሷል፣ በፈረንጆቹ 1989 ላይ ተሸነፈ። የአሜሪካው ቻናል ሲቢኤስ ደሞ ተፎካካሪው ኤቢሲ ‹ሰርቫይቨር› የሚባለውን ሾዬን ገልብጧል ብሎ ለማሳገድ ኒውዮርክ ፍርድ ቤት ሄዶ በፈረንጆቹ 2003 ዳኛዋ አልፈቀዱለትም። እነሱ ያልቻሉትን እናንተ በአንድ ወረቀት አትችሉትም። ሃሳብ ደብቆ መያዝ ውሃ ወቀጣ ነው። ይልቅ ሕጉን፣ ዙሩን፣ ማን እንዴት እንደሚወጣ፣ ሁሉንም ዘርዝሩና ፃፉ፣ ከስብሰባ በኋላ ደሞ "ዛሬ ስለዚህ ተነጋግረናል" ብላችሁ ኢሜይል ላኩ፣ ቀኑ ይቀመጣል። ደሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተሰረቀብኝ የሚባለው አብዛኛው ሃሳብ አምስት ሰው በአንድ ሳምንት ይዞት የመጣ ነው።

ቻናሉን ሳያዩ ፒች ማድረግ፣ ማለትም ሃሳብ ማቅረብ። በዚህ ላይ ማውራት አልፈልግም፣ ያሳፍራል።

ሰላሳ ገፅ ዴክ (ሃሳቡን የሚያቀርብ ሰነድ)፦ ማንም አያነበውም። አንድ ገፅ።

ወረቀት ብቻ ይዞ መሄድም አለ። ‹ጎግልቦክስ› በፈረንጆቹ 2013 የእንግሊዙ ቻናል 4 ላይ ሲጀምር ሃሳቡ ሶፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ቲቪ የሚያዩ ሰዎችን ማየት ነበር፣ ወረቀት ላይ ብታነቡት ምንም የለውም። የተሸከሙት ሰዎቹ ናቸው። የእናንተ ሃሳብ በሰው የሚቆም ከሆነ ሰዎቹን አሳዩ፣ በስልክ ካሜራ የተቀረፀ የቪዲዮ ጥሪም ቢሆን ይሻላል።

አምና የፈነዳውን ሾው ዘንድሮ ገልብጦ ማምጣት፣ ዛሬ የተገዛ ሾው አየር ላይ እስኪወጣ ዓመት ሊፈጅ ይችላል እኮ፣ ያኔ ሰዉ ሰልችቶታል።

ቢሮ ብቻ ተቀምጦ መቅረትም ጥሩ አይደለም። በየመሃሉ ቀረፃ ላይ ውጡ፣ ኤዲት ክፍልም ቁጭ በሉ፣ አለበለዚያ በአንድ ቀን የማይቀረፅ ነገር በአንድ ቀን ይቀረፃል ብላችሁ ትፅፉና የቀረፃውን በጀትና ፕሮግራም የሚይዘው ላይን ፕሮዲዩሰሩ ይስቅባችኋል። በኔ ስቀዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስራ ስትቀጠሩ ደሞዝ ብቻ አትጠይቁ። ሾው ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ለሾውረነር (ሾውን ለሚመራው ሰው) ይሰጥና እናንተ ወደ ቀጣዩ ሃሳብ ትመለሳላችሁ፣ ስለዚህ ስሜ ይወጣል ወይ፣ በምን ማዕረግ፣ ሲዝን 2 ላይስ፣ ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት በፅሁፍ አስገቡ። እኔ አንዱን እንደዚህ አጥቼዋለሁ፣ ሦስት ሲዝን ሄዷል ይባላል፣ እስካሁን ቁጭ ብዬ አላየሁትም።