በአሜሪካ የአረጋውያን መንከባከቢያ የማታ ፈረቃ ለምትጀምሩ

ለሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ፈቃድ የፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፤ ብዙ ግዛቶች ከዚያ ይጨምራሉ። የማታ ፈረቃ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ነው።

ርክክብ ላይ ማን ለመውደቅ እንደሚያሰጋ፣ ማን እንዳያንቀው እንዲወፍር የተደረገ ፈሳሽ ብቻ እንደሚጠጣ ጠይቁ። እራት ስታበሉ አረጋውያኑን ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጧቸው፤ የመጀመሪያው መዋጡን ሳታዩ ሁለተኛ ማንኪያ አትስጡ። ከበሉ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ አታስተኟቸው፤ ምግቡ ተመልሶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ከዊልቸር ወደ አልጋ ስታዛውሩ አልጋው በጠንካራ ጎናቸው በኩል ይሁን። ፍሬኑን ቆልፉ፣ የእግር ማሳረፊያውን አንሱ፣ ለማዛወር ወገባቸው ላይ በሚታሰረው ቀበቶ ያዙ። ብብት ሥር ይዞ ማንሳት ትከሻ ይጎዳል፤ የሚቸኩሉ ሠራተኞች የሚሳሳቱት በዚህ ነው።

ሲመሽ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ይረበሻሉ። መብራት ቀድማችሁ አብሩ፤ «ቤቴ ልሂድ» ሲሉ አትከራከሯቸው፣ ስለ ቤታቸው ጠይቋቸው። ድንገተኛ ግራ መጋባት ካያችሁ ግን ወዲያው ለነርሷ ንገሩ፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል።