ልጁ በሁለት ጣት ሲጽፍ፦ የታይፒንግ ፕሮግራም ችግሮችና መፍትሄያቸው

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤታችን አመሻሽ ላይ የጎረቤት ልጆች ይሰበሰቡበታል። ያለን አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ተራ እየጠበቁ ታይፒንግ ይለማመዱበታል። ፕሮግራም ስቀያይር ከርሜ በመጨረሻ የገባኝ፣ መጀመሪያ የልጁን ጣቶች ማየት እንዳለብኝ ነው። እናንተም ሌላ ፕሮግራም ከማውረዳችሁ በፊት 5 ደቂቃ አጠገቡ ቁጭ በሉ።

በሁለት ጣት ይመታል፣ ነጥቡ ግን ከፍ ይላል

ይህ ወላጅን በጣም ያታልላል። ልጁ ፊደል ከላይ የሚወርድበትን ጌም ይጫወታል፣ ያሸንፋል፣ እኛም ጎበዝ እንለዋለን። ጌሙ ግን ፊደሉ በየትኛው ጣት እንደተመታ አያውቅም። ልጁ ሲቸኩል በአመልካች ጣቱ ብቻ ይመታል። ዓይኑም ከኪቦርዱ አይነሳም። ይህን ልማድ በኋላ ማስጣል አበሳ ነው።

ጌሙን ለጊዜው አቆዩት። ከመካከለኛው የፊደል መስመር የሚጀምር፣ የእጅ ስዕል እያሳየ የትኛው ጣት እንደሚመታ የሚጠቁም ፕሮግራም ምረጡ። ታይፒንግ ክለብ እንዲህ ያደርጋል። ኤፍ እና ጄ ላይ ጉብ ያለች ምልክት አለች። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ በአመልካች ጣቶቹ ይፈልጋት። ከዚያ እጁን በስስ ሻሽ ሸፍኑለት። የመጀመሪያ ቀን ይነጫነጫል፣ ፍጥነቱም ይወርዳል። አትደንግጡ። ስህተቱ ሲቀንስ ፍጥነቱ ራሱ ይመጣል።

ትንሿ ጣቱ አልደርስ ካለች አትቆጡት። የ6 ዓመት ልጅ እጅ ለትልቅ ሰው ኪቦርድ ያንሳል። ለጊዜው ፊደላቱ የት እንዳሉ ማወቁ ይበቃዋል።

መሃል ላይ ይቋረጣል

መብራት ይጠፋል፣ ዳታ ያልቃል። የእህቴ ልጅ ሁለት ሳምንት የደከመችበት ደረጃ አካውንት ስላልከፈትንላት ጠፍቶ አልቅሳለች። ታክስ ታይፒንግ እና ጂኮምፕሪስ ነፃ ናቸው። አንዴ ከተጫኑ ኢንተርኔት አይፈልጉም። ከዚራ ሰፈር ዋይፋይ ያለው ዘመድ ካላችሁ አውርዶ በፍላሽ ይስጣችሁ።

እንግሊዝኛውን ይመታል፣ የቤቱ ቋንቋ ላይ ይደናቀፋል

ድሬ ላይ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ይነገራል። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ግን የሚያለማምዱት በእንግሊዝኛ ቃላት ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ኪው እና ኤክስ እምብዛም ስለማይገኙ ልጁ ብዙ አይነካቸውም። ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በቁቤ ግን ኪው ቀ ነው፣ ኤክስ ጠ ነው፣ ሲ ጨ ነው። ጢያራ ብሎ ሲጽፍ የሚጀምረው በኤክስ ነው። በሶማሊኛ ደግሞ ያው ኤክስ ሐ ይሆናል፣ ሲ ዐ ይሆናል። ወተትን ዓኖ ብሎ ሲጽፍ በሲ ይጀምራል። ሦስቱም ቁልፎች የግራ እጅ ናቸው። ኪው ደግሞ የምትደርሰው ለደካማዋ ትንሿ ጣት ነው።

ስለዚህ የራስን ቃላት ማስገባት የሚፈቅድ ፕሮግራም ፈልጉ። ታክስ ታይፒንግ ላይ ይቻላል። ልጁ የጓደኞቹን ስም፣ የሚወደውን ምግብ፣ የሰፈሩን ስም በቋንቋው ያስገባ። ደስ እያለው ይመታዋል።

አማርኛ ለሚጽፍ ልጅ ዋናው ነገር ሺፍት ነው። እንደ ኪማን ባሉ፣ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ቁልፎች እንደ ድምፁ በሚያስጽፉ የኪቦርድ ፕሮግራሞች ት እና ጥ የሚለዩት በሺፍት ነው። ካፕስ ሎክ እያበራ እያጠፋ መጻፍ የለመደ ልጅ እዚህ ይንገላታል። በአንዱ እጅ ፊደሉን ሲመታ፣ በሌላኛው እጅ ትንሽ ጣት ሺፍትን መያዝ ይልመድ።

ቶሎ ይሰለቻል

ሰዓቱን እዩ። ከቀትር በኋላ የድሬ ሙቀት ትልቁንም ሰው ያዝላል፣ የልጅ ጣት ያልበዋል። ጠዋት ወይም ፀሐይዋ በረድ ስትል 10 ወይም 15 ደቂቃ ይበቃል፣ ግን በየቀኑ ይሁን። ቅዳሜ ብቻ ሁለት ሰዓት ከማስቀመጥ ይህ ይሻላል። ዓይኑን ከኪቦርዱ ማንሳት ሲጀምር ያን ያቆያችሁትን ጌም መልሱለት። አሁን በአሥሩም ጣት ይጫወተው።