የተቀዳ ንግግርን ለጥናት ወደ ጽሑፍ እንዴት እንገለብጣለን?

ቋንቋን፣ ሥነ ቃልን ወይም ተግባቦትን የሚያጠና ሰው አንድ ቀን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ የቀዳውን ድምፅ መጻፉ አይቀርም። ብዙዎች አሰልቺ የጽሕፈት ሥራ አድርገው ያዩታል። እኔ ግን ትንተናው የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ። ለምን እንደምትቀዱ፣ ድምፁን ማን እንደሚሰማው፣ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ቅጂው ምን እንደሚሆን ለተናጋሪዎቹ ንገሯቸው። ስልክ እንዳይጠራባችሁ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። አንድ ደቂቃ ቀድታችሁ አዳምጡ። ከተቻለ በዌቭ (WAV) ፋይል ቅዱ፤ ኤምፒስሪ ቦታ ለመቆጠብ ከድምፁ የሚቀንሰው ነገር አለ። ሲያልቅ ኮፒ አድርጉና ዋናውን ፋይል አትንኩት።

ከዚያ ምንም ሳትጽፉ አንዴ እስከ መጨረሻው ስሙት። ማን ማን እንደሆነ ጆሯችሁ ይለምዳል።

አሁን ውሳኔ ይመጣል። ምን ያህል ዝርዝር ትጽፋላችሁ? ሰዎቹ ስለ ምን እንዳሉ ብቻ የምታጠኑ ከሆነ ቃላቱ ይበቃሉ። እንዴት እንደተነጋገሩ ከሆነ ግን ዝምታው፣ መቋረጡ፣ መደራረቡ ሁሉ መረጃ ነው። በመጀመሪያ ጥናቴ «እ»ውን፣ «ማለቴ»ውን፣ ድግግሞሹን ሁሉ አጽድቼ ነበር የጻፍኩት። ጽሑፉ አማረ። ጥያቄዬ ግን ሰዎች እምቢታን እንዴት እንደሚያለሳልሱ ነበርና መልሱን አብሬ ጠርጌው ነበር። ሁሉንም እንደ አዲስ ሰማሁት።

ይህችን ተመልከቱ (ምልክቶቹን ወረድ ብዬ አስረዳለሁ)፦

ሀ፦ ነገ ትመጣለህ አይደል?
ለ፦ (1.2) እ-- (.) እስቲ አያለሁ።

ዝምታውንና «እ--»ን ብታወጡት ተስፋ ያለው መልስ ይመስላል። ጠያቂው ግን መልሱን ገና ሳይሰማ እምቢታ መሆኑ ገብቶታል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ በ10 ቋንቋዎች ላይ የተደረገ ንጽጽር፣ ሰው ለአዎ ወይም አይደለም ጥያቄ መልስ ለመጀመር በአማካይ 0.2 ሰከንድ ገደማ ብቻ እንደሚፈጅበት አሳይቷል። ከዚያ አንጻር 1.2 ሰከንድ በጣም ረጅም ነው።

ምልክቶቹን በብዛት የምንወስደው የንግግር ተመራማሪዋ ጌል ጄፈርሰን ካዘጋጀችው ሥርዓት ነው። በቅንፍ ያለ ቁጥር የዝምታው ርዝመት በሰከንድ ነው። (.) በጣም አጭር ዝምታ ነው። [ ሁለት ሰው እኩል ሲናገር መደራረቡ የሚጀምርበትን ያሳያል። ያልተሰማ ቃል ባዶ ቅንፍ ይሆናል። በግምት አትሙሉት፤ ከገመታችሁም ግምቱን ቅንፍ ውስጥ አስገቡት። ሥርዓቱ የተሠራው ለእንግሊዝኛ ስለሆነ ሁሉም እንዳለ አይገጥመንም። ለምሳሌ ጮክ ያለ ድምፅ በትልልቅ ፊደል ይጻፋል፤ ፊደላችን ግን ትልቅና ትንሽ የለውም። ድምፅ ሲጎተት የሚገባው ሁለት ነጥብም ከእኛው የቃል መለያ ጋር ይምታታል። እኔ ለመጎተቱ ሰረዝ፣ ለጩኸቱ ከሥር መስመር እጠቀማለሁ። እናንተም የመረጣችሁትን መጀመሪያ ገጽ ላይ አስረዱ።

ለአማርኛ ሌላም ከባድ ነገር አለ፤ ፊደሉ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ልጁ አለ» ብላችሁ ጻፋችሁ እንበል። ላልቶ ከተነበበ ልጁ ተናግሯል፤ ጠብቆ ከተነበበ ልጁ እዚያ ነው። ከወር በኋላ ወረቀቱን ስታዩት የትኛው እንደነበር ላታስታውሱ ትችላላችሁ። ትርጉም በሚቀየርበት ቦታ ሁሉ የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ አድርጉ።

ለሥራው ኢላን (ELAN) እና ፕራት (Praat) የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ኢላን ጽሑፉን ከድምፁ ጋር ያያይዝላችኋል፤ ፕራት ዝምታውን በትክክል ለመለካት ይጠቅማል። በራሱ የሚጽፍ ፕሮግራም ካገኛችሁ ውጤቱን እንደ ረቂቅ ብቻ ያዙት፤ «እ»ን የመሳሰሉትን ብዙ ጊዜ ይዘላል። ተናጋሪዎቹ ሳይፈቅዱ ድምፃቸውን ኢንተርኔት ላይ አትጫኑ።

ጆሮ ይደክማል። በየሰዓቱ እረፉ፤ በማግስቱ ከድምፁ ጋር እያስተያያችሁ አርሙ። ስሞችን፣ ሰፈሮችንና የሥራ ቦታዎችን በሌላ ቀይሩ። በመጨረሻ አንድ የሥራ ባልደረባ የተወሰኑ ደቂቃዎችን ለብቻው ይገልብጥና ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጡ። የተለያያችሁበትን አብራችሁ ስሙት። አሁንም ካልተስማማችሁ ሁለቱንም አማራጭ በቅንፍ ጻፉት።