«ዘጉብኝ» ከማለትዎ በፊት፦ የወረዳ ፍርድ ቤትና የፕላዝማ ችሎት ችግሮች ከነመፍትሄያቸው

ጎጃም ውስጥ ከፍርድ ቤት የተመለሰ ሰው «እንዴት ሆነ?» ሲባል ብዙ ጊዜ መልሱ «ዘጉብኝ» ነው። በምን ምክንያት እንደተዘጋ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። ምክንያቱ ትዕዛዙ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ችግሩ ትዕዛዙን ያነበበው አለመኖሩ ነው። ከዚህ በታች ያለው መፍትሄ ሁሉ የሚሠራው መጀመሪያ መዝገብ ቤት ሄደው፣ የመዝገብ ቁጥርዎን ሰጥተው፣ የትዕዛዙን ግልባጭ በእጅዎ ካስገቡ ነው። «ጸሐፊዋ እንዲህ አለችኝ» ይግባኝ ላይ አያገለግልም።

መዝገቡ ተዘግቷል ተባሉ

ትዕዛዙ መጨረሻ አካባቢ «በፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ.» ብሎ የሚጀምር ቁጥር ያገኛሉ። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ቀጣዩን እርምጃዎን የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ከማንም ምክር በፊት እሱን ይፈልጉ።

69/2/ ከሆነ በቀጠሮው ቀን እርስዎም ባላጋራዎም አልቀረባችሁም ማለት ነው። መዝገቡ ቢዘጋም መብትዎ አልሞተም፤ ይርጋ (ክስ ለማቅረብ ሕግ የወሰነው የጊዜ ገደብ) እስካላገደዎት ድረስ ክሱን እንደገና ማቅረብ ይችላሉ። የዳኝነት ክፍያ ግን ዳግም ሊጠየቁ እንደሚችሉ አስበው ይሂዱ።

70/መ/ ከሆነ ጥፋቱ የመጥሪያ ነው። ከሳሽ መጥሪያ ወስዶ ሳያደርስ ቀርቶ ፍርድ ቤቱ ሰልችቶታል። እዚህም አዲስ ክስ መክፈት ይቻላል።

73 ከሆነ ግን ይደንግጡ። ተከሳሹ ቀርቦ ከሳሹ እርስዎ ቀርተዋል ማለት ነው። በዚህ ቁጥር የተዘጋን ክስ በዚያው ጉዳይ እንደ አዲስ መክፈት አይቻልም፤ ያለው መንገድ በአንቀጽ 74 መሠረት በአንድ ወር ውስጥ፣ በቂ ምክንያት አቅርቦ፣ እዚያው ችሎት ላይ ትዕዛዙ እንዲነሳ መጠየቅ ብቻ ነው። ብዙ ሰው «ተዘግቷል» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምቶ፣ እህሉን ሰብስቦ፣ ጥር ላይ አዲስ ክስ ይዞ ይመጣና በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። ሊያጣራበት የሚገባውን ጊዜ ለአዝመራው ሰጥቶ አንድ ወሩን በልቶታል።

በተቃራኒው ወገን፣ ተከሳሽ ሆነው «በሌሉበት ይታያል» ወይም «በሌሉበት ተፈረደብዎት» ከተባሉ ቁጥሩ 70/ሀ/ ነው። ነገሩ ገና በመሰማት ላይ ከሆነ ቶሎ ቀርበው የቀሩበትን ምክንያት ያስረዱ፤ ችሎቱ ካመነበት ወደ ክርክሩ ሊያስገባዎት ይችላል። ፍርድ ተሰጥቶ ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 78 አለ፦ ፍርዱን ባወቁ በአንድ ወር ውስጥ፣ መጥሪያው በአግባቡ አልደረሰኝም ወይም በቂ ምክንያት ከለከለኝ ብለው ለዚያው ለፈረደው ፍርድ ቤት ያመለክታሉ። በቀጥታ ፍኖተ ሰላም ወይም ደብረ ማርቆስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ብለው የሮጡ ሰዎች ደጋግመው የሚመለሱት ይህን ደረጃ ስለዘለሉ ነው።

በቂ ምክንያት ምንድን ነው? ታመው ከሆነ የዚያን ቀን ቀን የያዘ የሐኪም ወረቀት። መንገድ ተዘግቶ ከሆነ፣ ሰሞኑን በአካባቢያችን እንደምናየው፣ ከቀበሌ ወይም ከፖሊስ የተጻፈ ደብዳቤ፤ ደብዳቤው «መንገድ አልነበረም» ብሎ ብቻ ሳይሆን ከየት እስከ የት፣ በየትኛው ቀን ብሎ ይጻፍ። ለቅሶ ከሆነ የሟቹ ዝምድና ይገለጽ። «ዕለቱ ሚካኤል ነበር» ግን አይሠራም። ማኅበሩም ዝክሩም የተከበረ ነው፤ ነገር ግን ወር በገባ በ12 ፍርድ ቤት አይዘጋም።

መጥሪያው ሳይደርስ ይመለሳል

የዚህ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ አድራሻው ነው። ክሱ ላይ «አድራሻ፦ ደጀን ወረዳ» ብሎ የጻፈ ሰው መጥሪያው ይደርሳል ብሎ መጠበቅ የለበትም። ቀበሌውን፣ ጎጡን፣ በአቅራቢያው ያለውን ደብር፣ ካለ ስልክ ቁጥሩን ይጻፉ።

ተከሳሹ ተገኝቶ «አልቀበልም» ካለ ደግሞ መጥሪያውን ይዘው አይመለሱ። ሕጉ መጥሪያው በመኖሪያ ቤቱ በር ላይ እንዲለጠፍ ይፈቅዳል፤ አድራሹ ሁኔታውን የተመለከቱ ሰዎችን ስም ይዞ ለፍርድ ቤቱ ይጽፋል። ጭራሽ ያለበት ካልታወቀ በቃለ መሐላ አስደግፈው በጋዜጣ እንዲጠራ ይጠይቁ። በእኛ በኩል ብዙ ጊዜ በኵር በተባለው የክልሉ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። የጋዜጣውን ቅጂ ከመዝገቡ ጋር ማያያዝ ግን የእርስዎ ሥራ ነው፤ ማንም አያያይዝልዎትም።

«ስምዎ አይመሳሰልም» ተባሉ

ይህ በተለይ ሴቶችን ይጎዳል። መታወቂያዋ ላይ የአባቷ ቤት ስም አለ፤ የመሬት ደብተሩ ላይ ባል ቤት ገብታ የወጣላት ስም፤ ሰማንያው ላይ የክርስትና ስሟ። ሦስቱም እሷ ናት፤ ለመዝገቡ ግን ሦስት ሴቶች ናቸው። መፍትሄው ከመጀመሪያው ክስ ጀምሮ ሦስቱንም ስም «በዚህም ስም የምትጠራ» እያሉ መጻፍና አንድ መሆናቸውን የሚያስረዱ ምስክሮችን በማስረጃ ዝርዝሩ ውስጥ ማስገባት ነው። በክርክሩ መሃል የሚመጣ የቀበሌ ደብዳቤ ብቻውን ብዙ ጊዜ ባላጋራ ይንደዋል።

ፍቺው ላይ ነገሩ ተቋጠረ

«ሽማግሌ ፊት ተፈራርመን ከተለያየን ቆየን» የሚል ሰው ብዙ ነው። ሽማግሌ ሊያስታርቅ፣ ንብረት እንዴት ይካፈል ብሎ ሊያስማማ ይችላል። ጋብቻን የሚያፈርሰው ግን ፍርድ ቤት ነው። ወረቀቱ ካለ አይጣሉት፤ ስምምነቱን የሚያሳይ ማስረጃ አድርገው ከፍቺ አቤቱታው ጋር ያቅርቡት።

ሰማንያው ጠፍቶ ወይም መጀመሪያውኑ ሳይኖር በባህል የተጋቡ ከሆኑ ተስፋ አይቁረጡ። እንደ ባልና ሚስት አብራችሁ መኖራችሁን፣ ዘመድና ጎረቤትም እንደ ባልና ሚስት ያያችሁ እንደነበር ምስክር ማቅረብ ይቻላል። የመሬት ደብተሩ፣ የልጆች የክርስትና ወረቀትና የልደት ምዝገባ ይረዳሉ።

ሌላው የተለመደ ስህተት አቤቱታው ላይ የሚጠቀሰው ሕግ ነው። ዘመድ ከአዲስ አበባ የላከው ማመልከቻ አዋጅ 213/1992ን ይጠቅሳል፤ እሱ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ነው። ሕገ መንግሥቱ ክልሎች የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ እንዲያወጡ ስለፈቀደ እዚህ የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 79/1995 ነው። ብዙው ሐሳብ ይቀራረባል፤ የአንቀጽ ቁጥሩ ግን ይለያያል፤ ባላጋራ ጠበቃ ካለው በዚያ ይጫወትበታል።

ክርክሩ እስኪያልቅ ልጆቹ ምን ይብሉ? ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ያንሱት። ጊዜያዊ ቀለብና ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚቆዩ፣ ንብረትም እንዳይሸጥ እግድ፣ በጽሑፍ ይጠየቃል። ዳኛው ያልተጠየቀውን እንዲሰጥ አይጠብቁ። ለዳኝነት የሚከፍሉት ከሌለዎት በደሀ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላሉ፤ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎችም በሕግ ትምህርት ቤቶቻቸው በኩል ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።

ፕላዝማው ላይ ቀርበው «አልቀረበም» ተባሉ

በፕላዝማ፣ ማለትም በቪዲዮ ስክሪን፣ ከርቀት የሚሰማ ችሎትም ሙሉ ችሎት ነው፤ በስክሪን የቀረ ሰው እንደቀረ ነው የሚቆጠረው። ይሁን እንጂ ሰዎች ግቢ ውስጥ እያሉ የሚቀሩበት መንገድ አለ። ጉዳዩ አዲስ አበባ ሰበር ሰሚ ችሎት ወይም ባሕር ዳር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲሆን፣ ባለጉዳዩ በአቅራቢያው ፕላዝማ ወዳለበት ፍርድ ቤት ይቀጠራል። እሱ እንደልማዱ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል። ስሙ የተጠራው ግን በፕላዝማ ክፍሉ ውስጥ፣ ባዶ ወንበር ፊት ነው።

እንደደረሱ የፕላዝማውን ክፍል ጠይቀው ለሠራተኛው ስምዎንና የመዝገብ ቁጥርዎን ይስጡ፣ መታወቂያ ያሳዩ፣ በሩ አጠገብ ይቆዩ። መብራት ከጠፋ ወይም መስመሩ ከተቋረጠ «ቀርቤ ነበር» የሚል ማስታወሻ ሠራተኛው ወደ ችሎቱ እንዲያሳውቅ ይጠይቁ፤ ዝም ብለው ወደ ቤት አይሂዱ። ተለዋጭ ቀጠሮውንም በቃል ሳይሆን በወረቀት ይውሰዱ።

ድምፅ ሲቆራረጥ ሰው ያፍራል። ዳኛው ጠይቆ፣ እርስዎ ግማሹን ሰምተው፣ «አዎ» ብለው ሲመልሱ ያ «አዎ» መዝገብ ላይ ይገባል። «የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ጥያቄው አልተሰማኝም፣ ይደገምልኝ» ማለት ነውር የለውም። ደግሞ ሰነድ በስክሪን አያልፍም። ወረቀቱን ወደ ካሜራው ከፍ አድርገው ቢያውለበልቡት ዳኛው ፊት የሚታየው ነጭ ነገር ነው። አስቀድሞ በሬጅስትራር (በመዝገብ ቤቱ ኃላፊ) በኩል፣ ገጹ ተቆጥሮ ይግባ።

ምስክርዎ ከእርስዎ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ ባላጋራ «ክርክሩን ሰምቷል» ብሎ ይቃወማል። ተራው እስኪደርስ ውጭ ይቆይ።

አሁን ደግሞ ጅዳ ወይም ዱባይ ያለች እህት በስልኳ ሊንክ እንድትገባ ፍርድ ቤቱ የፈቀደበት ጉዳይ ሊኖር ይችላል። እዚህ የሚያጠፋው ሰዓት ነው። ሊንኩ 9፡00 ይላል፤ ቤተሰብ «9 ሰዓት ነው» ብሎ ይደውልላታል፤ ችሎቱ ግን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አልፏል። ጅዳ ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ ዱባይ አንድ ሰዓት ይቀድማል። ቀኑም እንዲሁ፦ ቀጠሮ ወረቀቱ ላይ 4/5/2018 ካለ ጥር 4 ነው፤ በስልኳ መቁጠሪያ ጃንዋሪ 12፣ 2026። ሁለቱንም ጽፈው ይላኩላት።

ሊንክ ካልተፈቀደ ውክልና ያስፈልጋል። እሱም ባዶ ወረቀት ሆኖ የሚመለስበት ጊዜ አለ፦ «በስሜ ማንኛውንም ነገር እንዲሠራ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ለመታረቅ ወይም ቤት ለመሸጥ አይበቃም፤ የሚሠራው ነገር በስም ተለይቶ ይጻፍ። በኤምባሲው ወይም በቆንስላው ከተረጋገጠ በኋላ አገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩልም ያልፋል። በስምምነት ፍቺ ላይ ደግሞ ዳኛው ባልና ሚስቱን ራሳቸውን ማነጋገር ስለሚፈልግ፣ ወንድም ወክሎ ቢቀርብ ነገሩ ሊንጠለጠል ይችላል።

ተፈርዶልዎታል፣ ግን አንድ ብር አላዩም

ፍርድ ራሱን አያስፈጽምም። የውሳኔውን ግልባጭ ይዘው የአፈጻጸም መዝገብ ማስከፈት አለብዎት፤ ከዚያ በኋላ «የፍርድ ባለመብት» ይባላሉ። ማመልከቻው ላይ ባለዕዳው ምን እንዳለውና የት እንዳለ ይጻፉ። ደመወዝተኛ ከሆነ መሥሪያ ቤቱን፤ ነጋዴ ከሆነ ሱቁንና የባንክ ሒሳቡን። ቀለብ የሚከፍለው ደመወዝተኛ ሲሆን በየወሩ ከመሥሪያ ቤቱ ተቆርጦ እንዲገባ ትዕዛዝ መጠየቁ ከሁሉም ይሻላል፤ በየወሩ «ከፈለ፣ አልከፈለም» ከሚለው ጭቅጭቅ ያድናል።

ባለዕዳው ይግባኝ ጠይቄያለሁ ቢልዎት አፈጻጸሙ በራሱ አይቆምም፤ የእግድ ትዕዛዝ ያሳይ። ይግባኝ የሚሉት እርስዎ ከሆኑ ቀነ ገደቡ 60 ቀን ስለሆነ የውሳኔ ግልባጩ እንዲሰጥዎት ፍርዱ በተነበበበት ቀን ያመልክቱ፤ ግልባጩ እስኪሰጥዎት የወሰደውንም ጊዜ በጽሑፍ ያስመዝግቡ። አፈጻጸሙ ደግሞ ቢረዝም ቢረዝም 10 ዓመት ነው፤ ከዚያ በላይ የተኛ ፍርድ ይዘው ቢመጡ ሬጅስትራሩ አይቀበልዎትም።