በቪአር የመኪና ውድድር ሲሙሌተር ላይ ምስል ሲቆራረጥ፦ ችግሩና መፍትሔው

በተራ ስክሪን ላይ ብዙም የማያስቸግር የምስል መቆራረጥ በቪአር (በምናባዊ እውነታ) መነጽር ውስጥ ሲሆን ራስ ያዞራል፤ ያቅለሸልሻልም። ብዙ ሰው ይህ ሲያጋጥመው ፈጥኖ የግራፊክስ ጥራቱን በሙሉ ወደ ዝቅተኛው ያወርዳል፤ ይሁን እንጂ መንስኤው ግራፊክስ ካርዱ (ምስሉን የሚሥለው የኮምፒውተሩ ክፍል) ካልሆነ ምስሉ ከመደብዘዙ በቀር የሚገኝ ነገር የለም። ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ምስሉ የሚቆራረጠው መቼ እንደሆነ ነው።

በ90 ሄርዝ የሚሠራ፣ ማለትም በሰከንድ 90 ምስል የሚያሳይ መነጽር ለእያንዳንዱ ምስል (ፍሬም) የሚሰጠው ጊዜ 11.1 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ በ72 ሄርዝ ይህ ጊዜ ወደ 13.9 ሲሰፋ በ120 ሄርዝ ወደ 8.3 ይጠብባል። የቪአር ጨዋታዎችን በኮምፒውተር የሚያስኬደው ፕሮግራም ስቲምቪአር፣ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ የሚወስዱትን ጊዜ ለየብቻ የሚያሳይ ግራፍ ስላለው፣ ከገደቡ የሚያልፈው የትኛው እንደሆነ በዓይን ማየት ይቻላል።

ብቻዎን ሲለማመዱ ያለ እንከን የሚሄደው ጨዋታ ሃያ መኪኖች በተሰለፉበት መነሻ ላይ የሚንገጫገጭ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ምክንያቱም የተፎካካሪዎቹን እንቅስቃሴ፣ የጎማና የሞተር ፊዚክሱን እንዲሁም እያንዳንዱ መኪና እንዲሳል የሚሰጠውን ትእዛዝ የሚያሰላው እርሱ ነው። በዚህ ጊዜ ሪዞሉሽን (ምስሉ የሚሠራባቸውን ነጥቦች ብዛት) መቀነስ ምንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው የተፎካካሪዎችን ቁጥርና በአንድ ጊዜ የሚታዩትን መኪኖች መቀነስ፣ የጥላ ጥራትን ማውረድ፣ መስታወቶቹንም ማቅለል ነው። መስታወት ትንሽ ነገር ቢመስልም ከኋላ ያለው ዓለም እንደገና እንዲሳል ያደርጋል፤ በእኔ ግምት ቀድሞ ሊሠዋ የሚገባውም እርሱ ነው፣ ምንም እንኳ ከኋላ የሚመጣውን ሳያዩ መንዳት ባይወደድም።

ብቻዎን ሲነዱም ምስሉ የሚከብድ፣ በዝናብና በሌሊት ደግሞ የሚብስ ከሆነ ግን ጫናው ያለው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስተው ሪዞሉሽን በሦስት ቦታ መስተካከሉ ነው፦ በመነጽሩ መተግበሪያ፣ በስቲምቪአር እና በጨዋታው ውስጥ። የአንዱ ጭማሪ በሌላው ላይ ስለሚባዛ፣ ሁለቱን በመነሻ ልካቸው ትቶ በአንዱ ብቻ ማስተካከል ይገባል። የፍሬሙ ቁጥር በድንገት ከ90 ወደ 45 ወርዶ የመንገድ ዳር አጥሮች በውሃ ውስጥ እንደሚታይ ነገር ከተወላገዱ፣ ሶፍትዌሩ የጎደሉትን ፍሬሞች በግምት እየሞላ ነው ማለት ነው፤ 90ን መጠበቅ ካልተቻለ መነጽሩን ወደ 80 ወይም 72 ሄርዝ ማውረድ የተሻለ ነው።

ለሃያ ደቂቃ ያህል ያለ ችግር ከሄደ በኋላ የሚጀምር መቆራረጥ መንስኤው ሙቀት ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። በአዳማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከተማዋ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀትን የማጓጓዝ አቅሙ ያነሰ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ሐሩርና ነፋሱ የሚያመጣው አቧራም ይጨመርበታል። እኔ ራሴ ሁለት ምሽት ሙሉ ሴቲንግ ስነካካ ቆይቼ፣ በመጨረሻ ላፕቶፑ ሲከፈት የማራገቢያው ክንፎች በአቧራ ተለብደው አግኝቻቸዋለሁ። ማረጋገጫው የግራፊክስ ካርዱን የሥራ ፍጥነት በመነሻውና ከሃያ ደቂቃ በኋላ መዝግቦ ማነጻጸር ነው። ፍጥነቱ ከወረደ አቧራውን ማስጠረግ፣ የላፕቶፑን ጀርባ ከፍ ማድረግና የማራገቢያ አየር እንዲያገኝ ማድረግ ያስፈልጋል።

ግራፉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ምስሉ በአራት ማዕዘን ቁርጥራጮች የሚበታተን ወይም ቀጥ የሚል ከሆነ፣ ችግሩ ምስሉ ከኮምፒውተር ወደ መነጽር የሚጓዝበት መንገድ ነው። በዋይፋይ ለሚጠቀም ሰው ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር በኬብል ማገናኘት፣ መነጽሩን በ5 ጊጋሄርዝ ማስኬድ፣ ራውተሩንም እዚያው ክፍል ማድረግ ይበጃል፤ ካልረዳ የቢትሬቱን (በየሰከንዱ የሚላከውን መረጃ) መጠን መቀነስ ነው። በኬብል ለሚጠቀም ደግሞ የዩኤስቢ 3 ኬብልና መሰኪያ ይመረጣል።

በመጀመሪያው ዙር ብቻ ታይቶ የሚጠፋ መቆራረጥ ጨዋታው ፋይሎቹን ሲጭን የሚፈጠር ስለሆነ አያሳስብም። በየዙሩ ከተደጋገመ ግን ራሙ (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ሞልቶ እንደሆነ ይመልከቱ፤ በአንድ ራም ብቻ የሚሸጡ ላፕቶፖች ብዙ ስለሆኑ፣ ተመሳሳይ ሁለተኛ ራም መጨመር ከሴቲንግ ለውጥ ይልቅ ሊታይ የሚችል ልዩነት ያመጣል።

መብራት በጠፋ ቅጽበት ምስሉ ከወደቀ፣ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ዞሮ የግራፊክስ ካርዱን ኃይል ቀንሷል ማለት ነው፤ መብራቱ እስኪመለስ ድረስ ሴቲንግ መለወጥ ብዙም አይረዳም።